ስለ ፀደይ ትንፋሽና በዳንቴል ስለተሸፈነው መለኪያ

ለተከበሩ አቶ ሶፎንያስ፣
የምንጭ ዳር የሕፃናት ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በቢሮዎ ውስጥ በዳንቴል ተሸፍኖ ለሚኖረው የትንፋሽ መለኪያ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ለዕቃ ጤና መመኘቴ ከእርጅና የመጣ እንዳይመስልዎ፤ ከጃጁራ እስከ ሀደሮ ያለው ሕዝብ አስም ላለባቸው ሕፃናት ብሎ አዋጥቶ የገዛው ስለሆነ ደኅንነቱ ያሳስበኛል።

የልጅ ልጄ ፀደይ አስም አለባት። ሰሞኑን ሳሏ ስለበረደ አባቷ፣ ልጄ ኤልያብ፣ ድናለችና በአፏ የምትስበው መድኃኒት ይቁም ባይ ሆነ። ሐኪሟ በበኩላቸው፣ ሳል ቢጠፋም በአየር ቧንቧዋ ውስጥ ብግነት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ትንፋሿ ሳይለካ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አስጠነቀቁን። ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣን። ስላገኘነው መስተንግዶ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

አንደኛ፦ ሲስተር ትርፊት በትሕትና ተቀብለው «መለኪያውስ ነበር አባቴ፤ መንፊያው ነው ያለቀው» አሉን። መንፊያው በአፍ የሚያዝ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቧንቧ ነው። ማን እንደጨረሰው ብንጠይቅ፣ መለኪያው በተመረቀበት ዕለት እንግዶች ሁሉ ተራ በተራ እንደነፉበት አስረዱን። እኔም እንግዳ ሳይቀምስ ልጅ እጁን ወደ ገበታ አይሰድም እየተባልኩ በአለንጋ ያደግሁ ነኝ፤ የማዕድ ሥርዓት ወደ ሳንባ መሸጋገሩን ግን አልሰማሁም ነበር።

ሁለተኛ፦ መለኪያው ረጋ ብሎ፣ ሳያቋርጡ መንፋትን ይሻል። አንዳንድ እንግዶች ግን እርጥብ እንጨት እንደሚያቀጣጥል ሰው ስለነፉ፣ መሣሪያው አልቀበልም ባለ ቁጥር እርስዎ እንግዳ እንዳያፍር አዲስ መንፊያ ያቀርቡላቸው እንደነበር ተነግሮናል። የድንኳን አከራዩ ሳይቀር ተለክቶ፣ የአየር ቧንቧው ብግነት የሌለበት መሆኑ ሲታወጅ ተጨብጭቦለታል። ስለ ጤንነቱ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ የአስም ሕመም እንደሌለበት ቀድሞም እናውቅ ነበር።

ሦስተኛ፦ እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው ፀደይን አየት አድርገው ደኅና እንደምትመስል ነግረው አሰናበቱን። የዓይንዎ ጥራት ያስቀናል። ኤልያብም ምስክር አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን ሊጥለው ሲል ቀማሁት። ጠዋትና ማታ እኔው እሰጣታለሁ፤ ልጄ ግን ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም።

እንግዲህ መንፊያ ይገዛልን ብዬ አልደፍርም። መንፊያ የሚገኘው በምረቃ ቀን ብቻ ከሆነ፣ መለኪያው እንደገና ይመረቅልን፤ ፀደይም የክብር እንግዳ ሆና ትጠራ። ሪባኑን ትቆርጣለች፤ መቀሱን ከቤት እናመጣለን።

ለማዕረግዎ ከወንበሩ የሚነሣ፣ በአስተዳደርዎ ዘመን ገና የሚተነፍስ፣

መምህር ገብረክርስቶስ

ማሳሰቢያ፦ የክብር እንግዳዋ ንግግር እንድታደርግ ፕሮግራሙ የሚያስገድድ ከሆነ አጭር ይሁንላት፤ ትንፋሿ ለረጅም ንግግር ይበቃ እንደሆነ ገና አልተለካም።