የቆሎ መጠቅለያ የሆነው ታሪክህ

ውድ ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ስድስተኛ ዓመቱን ያዘ። ሃያ ሁለት ሰፈር ከነበረው ቤታችን ተነስተን አሁን ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ደረጃው ጉልበቴን ይፈትነዋል፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጫቀጫል፤ ቢሆንም ቤቱ ብርሃን አለው፣ እኔም ደህና ነኝ። ልጃችን ማርታ እንዳንተ አስተማሪ ሆናለች። እሷ ሥራ ስትሄድ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ያልደፈርኩትን ነው።

የዚያን የሀብታም ልጅ ውጤት አልቀይርም ብለህ ከትምህርት ቤቱ የወጣህ ጊዜ፣ እኔ አስፋልት ዳር ቆሎ መሸጥ ጀመርኩ። መጠቅለያ እንዲሆነኝ አሮጌ የፈተና ወረቀት የሞላበት ካርቶን ሰጠኸኝ። እሱ ሲያልቅ አልጋ ሥር የነበረውን ሌላውን ካርቶን ከፈትኩ፤ በፈተና ወረቀት ጀርባ ታሪክህን የጻፍክበትን።

ባዶ ሆኖ ስታገኘው፣ እንደዚያኛው ፈተና መስሎኝ ነው አልኩህ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንበብ ሳላስተምርሽ ኖሬ» አልከኝ። ላስተምርሽ ብትለኝ ግን እምቢ አልኩ። ከዋሸሁህ በኋላ አጠገብህ ተቀምጬ ሀ ሁ ማለት አቃተኝ። ብቻዬን ከማርታ አሮጌ መጻሕፍትና ከየሱቁ ታፔላ ለቀምኩት። አንተ ከዚያ ወዲህ ታሪክ አልጻፍክም።

ታዴዬ፣ አውቄ ነበር። የእጅ ጽሑፍህን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። እኔ ፀሐይ ላይ ስውል አንተ ቤት ተቀምጠህ ትጽፋለህ ብዬ እልህ ይዞኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች በእልህ ነው የጠቀለልኩባቸው፤ የቀሩትን ግን አይደለም። ጋሽ ከድር የሚባል የወሎ ሰው፣ የሚኒባስ ሾፌር፣ ወረፋው እስኪደርስ ከኔ ቆሎ ይገዛ ነበር። አንድ ቀን ወረቀቱን ዘርግቶ መጣና ይሄ ጉድጓድ ቆፋሪ መጨረሻው ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ማንበብ አልችልም ስለው፣ ልብ አንጠልጥለሽ ቆሎ ልትሸጪ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ገጾቹን በተራቸው ለእሱ ብቻ አስቀመጥኩ፤ እሱም ያነበበውን በማግስቱ ይነግረኛል። ሰውዬው በደረቅ መሬት ውሃ አለ ብሎ መቆፈሩን፣ ጎረቤት መሳቁን፣ ሚስቱ አፈሩን በቅርጫት እያወጣች መራገሟን። እሷ ስትራገም ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። አንብብልኝ ብልህ ደስ እያለህ ታነብልኝ ነበር፤ ኩራቴ ግን አልፈቀደልኝም።

ቆፋሪው አለት ላይ ሲደርስ ወረቀቱ አለቀ። ጋሽ ከድር ለብዙ ቀን ቀሪውን ጠየቀኝ። በመጨረሻ «ለጸሐፊው ንገሪልኝ፣ አለቱ ላይ ጥሎን እንዳይሄድ» አለኝ። አልነገርኩህም። ብነግርህ ውሸቴ ሊወጣ ነው። አንባቢ እንደነበረህ ሳታውቅ ሄድክ። ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ይኸው አሁን መልእክቱን አደረስኩ። ዘግይቷል፣ ግን ቀለል ብሎኛል።

ያን ጊዜ እውነት ብሎ ከሥራ መውጣት ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። ራሴ ማንበብና መጻፍ ከያዝኩ ወዲህ፣ አንተም በምትጽፍበት ወንበር ላይ ስትቆፍር እንደነበር ገባኝ።

ከጋሽ ከድር አፍ የሰማሁትን በሙሉ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ማርታ የፊደል ግድፈቴን አስተካክላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከአለቱ በኋላ ያለውን የምቀጥለው እኔ ነኝ። ባልየው ክንዱ ሲዝል ሚስቲቱን ወደ ጉድጓዱ አወረድኳት፤ አሁን ቅርጫቱን የሚስበው እሱ ነው። አንተ ሌላ አስበህ ከነበር ይቅር በለኝ። ጠዋት ጠዋት ጥቂት መስመር እጨምራለሁ፣ እስክንገናኝም አላቋርጥም፤ አንተን የማስብበት መንገድ ይኸው ነው። ውሃው ገና አልወጣም። ከአለቱ ሥር ያለው አፈር ግን እርጥብ ነው።

ያንተው ዘነቡ