የወደቀ ብስክሌት እንቅልፍ የነሳቸው የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም.፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩ። እናታችን በሕይወት ሳሉ «ይሄ ልጅ መዳህ ሳይጨርስ ሮጠ» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረዋል። የሒሳብ አስተማሪያቸው አባታችንን አስጠርተው «የልጅዎ ጭንቅላት ጎበዝ ነው፤ ወንበሩ ላይ ግን አግኝቼው አላውቅም» ማለታቸው በቤታችን ሲያስቅ ኖሯል። በ1964 ዓ.ም. ትምህርቱን ትተው በአንድ ብስክሌት ጥገና ቤት ተቀጠሩ።

በሥራው ሦስተኛ ዓመት ላይ ፖስተኛው ጓደኛቸው ወድቆ የብስክሌቱ መሪ ጎበጠ። ወንድማችን የአሉሚኒየሙን መሪ በበር መቃን መሐል ሰክተው አቃኑትና በኩራት መለሱለት። ሳምንት ሳይሞላ መሪው ከመካከሉ ተሰብሮ ፖስተኛው ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። ፖስተኛው ቂም አልያዘም፤ ወንድማችንን ለሰው ሲያስተዋውቅ «የጥርስ ሐኪሜ ነው» ይል ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሰው አልሆኑም። «ብረት ሲታመም ይጎብጣል፣ ይታይሃል፤ አሉሚኒየም ግን ታሞም ደህና ነኝ ይልሃል» ማለትን የለመዱት ያኔ ነው።

በ1972 ዓ.ም. የፖስተኛውን እህት አገቡ። «ጥርሴን ወስዶ አልበቃ ብሎት እህቴን!» ብሎ ፖስተኛው ሠርገኛውን አስቋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ከአደጋ የወጣ ብስክሌት ሲመጣላቸው በመጀመሪያ ያጥቡታል። ከዚያ ጥጥ ጨርቅ በየቧንቧው ላይ ቀስ አድርገው ይጎትታሉ፤ ስንጥቅ ካለ የጨርቁ ክር ይያዛል። ቀጥለው በጥፍራቸው ይዳብሳሉ፣ በሳንቲም እያንኳኩ ያዳምጣሉ። ባለቤቱ ሊወጣበት ሲል «ቆይ!» ይሉና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ሰፈሩ ጋሽ ቆይ ያላቸው በዚህ ነው። እርሳቸው ራሳቸው ግን መቆየት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ደህና ነው ብለው የለቀቁት ብስክሌት ትዝ ካላቸው ጉርሻቸውን ትተው ይወጣሉ። በታናሽ እህታችን ሠርግ ላይ እንኳ፣ በሙሉ ልብሳቸው ተነሥተው፣ የአንድ ዳቦ አመላላሽ ቤት ፍለጋ ሄደዋል። በሰውየው ብስክሌት የፔዳል ክንድ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አይተው እንደነበር ትዝ ብሏቸው ነው። መስመሯ ተራ ጭረት ሆና ተገኘች። ሲመለሱ ሙሽሮቹ ሄደዋል፤ የሸሚዛቸው እጅጌ በግራሶ ጠቁሯል። ባለቤታቸው «እኔ ያገባሁት የሰው ብስክሌት ነው» ብለው እየሳቁ ተቆጧቸው።

ልጃቸው ብስክሌት ጋላቢ ወጣች። በ2001 ዓ.ም. ለትልቅ ቡድን የሚመረጡበት ውድድር ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ከሌላ ጋላቢ ጋር ተጋጭታ ወደቀች። እርሷ ክርኗ ከመላጡ በቀር ደህና ነበረች። ብስክሌቷ ግን በመሪው ነበር አስፋልቱን የመታው፤ መሪውም ስንጥቁን ውስጡ የሚደብቅ የካርቦን ነበር። አሠልጣኙ አገላብጦ አየና «ቀለሙ ነው የተጫረው» አለ። ወንድማችን አጠቡት፣ ጨርቅ ጎተቱበት፣ አንኳኩት። ምንም አላገኙም። ሱቁን ዞሩ፣ ወጡ፣ ገቡ፣ እንደገና አንኳኩት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ የታፈነ መሰላቸው፤ ደግሞ ሲያንኳኩት እንደ ሌላው ቦታ ጠራ። የቡድኑ ትርፍ መሪ ለሌላ ጋላቢ ተሰጥቷል፤ በሱቁ የነበሩት የብረት መሪዎች ውፍረታቸው አልገጠመም።

ልጅቱ «አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ» ብላ ለመነቻቸው።

ወንድማችን መጋዝ አንሥተው መሪውን ለሁለት ቆረጡት።

አሠልጣኙ «ኧረ አባቴ! ምን አግኝተው ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም። ያስፈራኝም እሱ ነው» አሉት።

ከተቆረጠው ጫፍ ውስጥ ቀጭን ነጭ ምልክት ታየ። ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ይሁን መጋዙ ያመጣው፣ ማንም ሊለይ አልቻለም። በማግስቱ ሌላ ልጅ ተመረጠች። የእኛዋ ዕድሉ ዳግመኛ አልገጠማትም፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። ለረጅም ጊዜ የአባቷን ሱቅ ደጃፍ አልረገጠችም። እርሳቸው ግን አመሻሹ ላይ በቤቷ በር ማለፍ አብዝተው ነበር። ስታያቸው «በዚህ በኩል ሥራ ነበረኝ» ይላሉ፤ በዚያ በኩል ሥራ እንዳልነበራቸው የማያውቅ የለም። ውላ አድራ «ግባ» ማለት ጀመረች፤ ስለ መሪው ግን ሁለቱም አያነሡም።

በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ ይተኙ ቢሏቸውም የጉሉኮሱን ማንጠልጠያ እየገፉ ኮሪደሩን ሲመላለሱ ይውሉ ነበር። ያስታመመቻቸው ልጃቸው ናት፤ ከሥራ እንደወጣች የሾፌር ልብሷን ሳትቀይር ትመጣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ያን ጊዜ ልክ ነበርኩ ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«አላውቅም አባዬ። አንተም አታውቅም» አለቻቸው። ቀጥላም «ሌላ አባት ቢሆን ይለቀኝ ነበር። እሱን ግን አውቃለሁ» አለች።

መልሷ አሳረፋቸው ለማለት አንደፍርም፤ ወዲያው ተነሥተው መስኮቱን ሊዘጉ ሄደዋልና። ሲመለሱ ግን ከጎኗ ነው የተቀመጡት።

ወንድማችን ሲታከሙ ቆይተው በየካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን፣ እኛን እህትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከፊት መስመር ቆሞ የሚያለቅሰውን ፖስተኛ ወዳጃቸውን ትተው ሄደዋል።

እርግጡን ሳያውቁ ለሰው ሕይወት ሲጨነቁ የኖሩትን የወንድማችንን ነፍስ፣ ሁሉን የሚያውቀው አምላክ ያሳርፍልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።