እሑድ እሑድ የምትልከው ቅርጫት

ማንገሬ፣ ሰኞ ረፋድ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትህ? ክንድህ ላይ ያበጠው ጎደለልህ ወይ? ልጆቹስ? ለወጉ ያህል የምጠይቅህ እንዳይመስልህ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከኩላሊት እጥበት ማሽኑ ጋር ታስረህ ስትውል እኔም ሥራ ቦታዬ ሰዓት እያየሁ ነው የምውለው። እኔ ከረሃቡ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ባለቤቴም ደህና ነው። እኔን ላለማስጎምጀት ብሎ የተጠበሰ ዶሮውን መኪና ውስጥ ተደብቆ ሲበላ ያዝኩት፤ መስታወቱን ዘግቶ፣ ላቡ ጠብ እያለ። "ምን እያደረግህ ነው?" ብለው፣ አጥንቱን በአፉ እንደያዘ "እየጸለይኩ" አለኝ።

ይህን ስታነብ እንደምትሸማቀቅ አውቃለሁ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባታችን አንተን ከአጎቶቻችን ጋር ውጭ ካለችው ጎጆ እንድታድር ካደረገ ወዲህ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ፊልም እንኳ አይተን አናውቅም። በእኛ ወግ እህትና ወንድም ስለ ሰውነት አያወሩም። ስለ ዳሌ፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ኪሎ አያነሱም። እናታችን በሕይወት ኖራ ይህን ወረቀት ብታየው በመጥረጊያ እንጨት ታባርረኝ ነበር። ይሁን። ዛሬ ስለ ሆዴ ልጽፍልህ ነው፤ አንተም ታነባለህ።

ሐኪሙ በየካቲት ወር ሁለታችንን አብሮ የጠራን ቀን ትዝ ይልሃል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጠበቀን። ገና ስለ ወገቤ ስፋት ማውራት ሲጀምር አንተ ዓይንህን ወለሉ ላይ ተክለህ፣ ጎንበስ ብለህ ወጣህ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት "ወንድምሽ ኩላሊትሽን አልፈልግም እያለ ነው?" አለኝ። "የለም፣ አክብሮኝ ነው" አልኩት። የገባው አልመሰለኝም፤ ብቻ ብዙ ጻፈ። ከዚያ ቁርጡን ነገረኝ። መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ሆኜ ማንም ቢላዋ አያነሳብኝም፤ ዘጠና አምስት ስገባ ልመለስ። "ከባድ ነው?" ብለው "ብዙ ሰው አይሳካለትም" አለኝ። እልህ ውስጥ የከተተኝ ይኼ ነው። እኔ ብዙ ሰው ነኝ እንዴ?

ወንድሜ፣ ረሃብን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ውሸቴን ነው። ስብከት ሲረዝም የሚመጣው ረሃብ ምሳ እንዳለ ያውቃል። ይኼኛው ምሳ እንደሌለ ያወቀ ረሃብ ነው። ጠዋት አንድ እንቁላልና ጎመን ቀምሼ የምሠራበት የአዛውንቶች መኖሪያ ወጥ ቤት እገባና ለስልሳ ሰው ድንች በቅቤ እፈጫለሁ። ወደ አምስት ሰዓት ላይ ረሃቡ ይመጣል። መጀመሪያ ይቆነጥጠኛል፣ ከዚያ የተነፈሰ ሰው ሁሉ ያናድደኛል። ሃያ ደቂቃ ከቻልኩት ግን ይሄዳል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ የደረስኩበት ነው። በዚያች ሃያ ደቂቃ ሙቅ ውሃ እጠጣለሁ። ካልሆነ ጥርሴን በጥርስ ሳሙና አጥባለሁ፤ አፍ ሚንት ሚንት ካለው ዳቦም አያምረውም። ያም ካልበጀ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ እሰድበዋለሁ። አዎ፣ ረሃቡን፤ ያውም በአባታችን ስድብ። አንድ ቀን ኩስታርድ የሚሉትን የወተትና የእንቁላል ጣፋጭ ሳድል አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ምን በደልኩሽ? አስተያየትሽ እኮ ያስፈራል" አሉኝ። ድርሻቸውን ጨምሬላቸው ሸሸሁ።

አለቀስኩም እንዳልልህ፣ አልቅሻለሁ። የልጄ ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ውስጥ የተረፈ የዳቦ ጠርዝ አግኝቼ፣ ቆሜ በልቼ፣ ከዚያ ለዳቦ ጠርዝ አለቀስኩ። በማግስቱ ሠፈራችን ያለውን ኮረብታ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጸጥ ተብሎ ሲጸለይ ሆዴ ጮኸ። ከመዘምራኑ ከጎኔ የምትቆመው ቪካ ጠጋ ብላ "ጌታ ነው የተናገረው ወይስ አንቺ?" አለችኝ፤ በሳቅ ልንሞት ሆነ፣ ሰባኪው እስኪገላምጠን። ልጆች በሚከበሩበት በልጆች እሑድ ዕለትም ግብዣው ላይ አሳማው ፊቴ ተዘርግቶ ሐብሐብ ብቻ ስበላ ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ ባሏ አያበላትም አለች፤ ሌላዋ ክፉ በሽታ ነው አለች። ሦስተኛዋማ አላፈረችም፣ "ያቺን ትልቅ ድስትሽን ለማን ነው የምትተዪው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ያንቺን የለቅሶ ምግብ ከሠራሁባት በኋላ እነግርሻለሁ" አልኳት። ሰው የፈለገውን ይበል። የከሳሁት ተርፎኝ እንጂ አጥቼ አይደለም።

አሁን ወደ ቅርጫቱ ልምጣ።

መጀመሪያ ወጉን እየጠበቅህ መስሎኝ ነበር። ወንድም ከኡሙው፣ በጋለ ድንጋይ ከሚሞቀው የጉድጓድ ምድጃችን፣ የወጣውን ምርጡን ለእህቱ ይልካል፤ እህትም አትመልስም። ስለዚህ በላሁ። በጎደሬ ቅጠልና በኮኮናት ወተት የተጠቀለለውን ሥጋ፣ ጎደሬውን፣ የግልገል አሳማውን ቆዳ ሳይቀር፣ ሦስት እሑድ በላሁ። ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ሐኪሙ "ምግብ እንዳይልክ ንገሪው" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? በአራተኛው እሑድ ቅርጫቱን ከነሙቀቱ ለቪካ ቤተሰብ ሰጠሁና በሚስትህ በሎሳሊን በኩል "እጅ ያስቆረጥማል" ብዬ ላክሁብህ። ይቅር በለኝ፣ ዋሸሁህ።

ቅርጫቱ ግን እየከበደ መጣ። መቶ ኪሎ መግባቴን ለሎሳሊን ባወራሁ ሳምንት ሁለት አሳማ መጣ። ቪካ ቅርጫቱን አይታ "ይሄ ሰው ወንድምሽ ነው ወይስ ለበዓል የሚያደልብሽ?" አለች። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ነገሩን ማሰላሰል ጀመርኩ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ቤትህ መጣሁ። አላየኸኝም፤ ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ። መቆም አቅቶህ በርሜል ላይ ተቀምጠህ መርፌ በበሳሳው ክንድህ ኮኮናት ትጨምቃለህ። ጎደሬም ኮኮናትም እንዳትቀምስ ተከልክለሃል። ጣትህ ላይ የቀረውን እንኳ ሳትልስ በጨርቅ ጠረግኸው። ከልጅነትህ ጀምሮ ጣትህን የማትልስበት ምግብ አልነበረም። ሎሳሊን አጥሩ ድረስ መጣችና "በየሳምንቱ ኪሎሽን ይጠይቀኛል። ስትቀንሺ ይከፋዋል። እኔ ልሥራልህ ብለው እምቢ ይላል" አለችኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ስምንት ወር ሙሉ እኔ ለአንተ ስራብ፣ አንተ ደግሞ የማትቀምሰውን እያበሰልህ እኔን ከቢላዋው ልታተርፍ? በእውነት ተናደድኩ። መንገድ ላይ እያለቀስኩ ነበር የተናደድኩት። እህቴ ከእኔ በላይ ናት፣ ሥጋዋ አይነካም፣ ለእኔ አትቆረጥም ነው ነገሩ። አንተ ከምትድን እኔ አንድ አካሌ ሳይጎድል ብቀበር ይሻላል ብለህ ነው? ማን ጠየቀህ?

ስማኝ እንግዲህ። ዓርብ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ዘጠና አራት ተኩል። ነርሷ ሁለት ጊዜ መዘነችኝ፤ አላመነችም። ሐኪሙ እጄን ጨበጠኝና ቀን ቆረጠ። የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። የስምምነት ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱስህ ሥር ሦስት ሳምንት እንደተቀመጠም ሎሳሊን ነግራኛለች። እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ጨርሻለሁ። እናታችን የሠራቻትን ትልቋን ምንጣፍም ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ለልጄ ሰጥቻታለሁ፤ ቤት ሳጸዳ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

የአባታችን እህት ፈረሱን ስትጠይቀው አባታችን፣ ያለው ፈረስ ያ ብቻ ሆኖ እንኳ፣ ልጓሙን በእጇ አስጨበጣት። እህት ከጠየቀች ወንድም እምቢ አይልም። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ አንድ ነገር ጠይቄህ አላውቅም። ዛሬ እጠይቅሃለሁ፤ ፈርም። እሺ ይበልጣል ከሺህ።

ብታንገራግር ግን ረቡዕ እጥበት ክፍሉ ድረስ እመጣለሁ። ሰው ሁሉ እያየ፣ የአጎቶቻችን ልጆች እያዩ፣ አልጋህ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ነውሩን ለሁለታችን እኔ እሸከመዋለሁ። እስክትፈርምም እህል አልቀምስም። የማልችለው እንዳይመስልህ፤ ስምንት ወር ተለማምጄበታለሁ።

አምላክ ለልጆችህ ያኑርህ፤ ለሎሳሊን ጉልበት ይስጣት። ቤትህ ለቅሶ አይግባበት።

የማትመለሰው ታላቅ እህትህ