የሚላጨኝ ሰው

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ ራይጄሊ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ የኦክላንድን ብርድ እንዴት ቻለው? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሑድ እሰብካለሁ። ባለቤቴን ሜሬሲን ከቀበርን ወዲህ ግን ውስጤ ዝም ብሏል፤ ከፋኝ ለማለት እንኳ አልበቃሁም።

ከካዳቩ ደሴት ወደዚህ ወደ ታቬዩኒ ያዛወሩኝ ከቀብሩ መቶኛዋ ሌሊት ሳትደርስ መሆኑን ታውቂያለሽ። ስንቱን ሐዘንተኛ በመቶኛዋ ሌሊት የሟች ወገን ምግብ አቅርቦ የሐዘን ጢሙን ሲላጨው ጸሎቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። የእኔዋ ሌሊት ግን መርከብ ላይ፣ በፍራሽና በዕቃ መሀል አለፈች። የካዳቩ ሰዎች እዚያ ይላጩታል አሉ፤ የዚህ ሰዎች ደግሞ ጢማም መጋቢ መጣልን ብለው ተቀበሉኝ። በገዛ እጅ ከሐዘን መውጣት ነውር ነውና ጢሜን እንዳለ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት የመጋቢዎች የጥሞና ጊዜ ነበረን። በመጨረሻው ስብሰባ ተነሥቼ አገልግሎቱን መተዌን ልናገር ቆርጬ ነው የሄድኩት። ፕሮግራሙ ከቁርስ እስከ እራት በትምህርት ታጭቆ ነበር። ባሕሩ ተቆጥቶ የአስተማሪው ጀልባ ቀረችና ሰብሳቢያችን በጭንቀት እኔው ላስተምር ሲል፣ ሽማግሌው መጋቢ ኔማኒ፣ እግዚአብሔር ያሳረፈንን አንተ አታድክመን ብሎ አስቀመጠው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ የያንጎና ሥር ጨምቀን በኮኮናት ቅርፊት እየተቀባበልን፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለ መዘምራን ኩርፊያ፣ ስለ አሳማ ወሬ ያዝን። የሚመራው አልነበረም።

የኔማኒ ወገንና የእኛ ወገን በቀልድ መዘላለፍ ደንባችን ነው። ተራዬ ደርሶ ስጠጣ፣ «አንተ የካዳቩ ሰው፣ ደሴታችሁ ላይ ምላጭ የሚባል ነገር የለም እንዴ? ወይስ ሙሴን ልትሆንብን ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስለ አሳማ ሳወራ በነበረው ድምፅ፣ «የሚላጨኝ ሰው አጥቼ ነው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጥቅስ የጠቀሰልኝ የለም። ኔማኒ ብቻ፣ «ይሄን ሁሉ ስብሰባ አብረን ተቀምጠን አንዴ እንኳ አልጠየቅንህም» አለና ከወጥ ቤት መቀስ አስመጣ። አንዱ የሜሬሲን ወገን ተክቶ የተቀቀለ ጎደሬ ፊቴ አኖረ። ኔማኒ ጉልበቱ እያመመው ተንበርክኮ ቆረጠልኝ፤ ሌሎቹ እንደ ደንቡ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው አጨበጨቡ። አላለቀስኩም። በረንዳው ላይ ስወጣ ግን በባሕሩ ነፋስ አገጬን በረደኝ። እትዬ፣ ከቀብሩ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ብርድ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ አልተነሣሁም። ሐሳቤን ለኔማኒ ለብቻው ስነግረው፣ «መተውህም ካልቀረ እያወራን ትተዋለህ» ብሎ ቅዳሜ ዓሣ ይዞ ሊመጣ ቀጠረኝ። እተወው እንደሆን ገና አላውቅም።

ለባልሽ ለቶማሲ የከበረ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ሊቲያን በትምህርቷ በርቺ በያት፤ ትንሹን ኢሲኬሊን ጉንጩን ሳሚልኝ። ቀድሞ በየደብዳቤዬ ግርጌ «ሜሬሲም ሰላም ብላለች» እል ነበር። ከሞተች በኋላ በጻፍኩልሽም ላይ እጄ ለምዶ ጽፎት ነበር፤ አንቺም አይተሽ እንዳላየሽ አለፍሽው። ዛሬ ሰላም የምልሽ እኔ ብቻ ነኝ።

ወንድምሽ ኢኖኬ
ሶሞሶሞ፣ ታቬዩኒ
ነሐሴ 12 ቀን