የአቧራ እግሮች ችሎት

ቅዳሜ፣ ማርች 14። ከሰዓት በኋላ። የዳንደኖንግ ባቡር ላይ።

ፊዮና ለሦስተኛ ጊዜ «በዚህ ገበያ የተበደለ አለ?» ብላ ስትጣራ ዝም አልኩ። እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ቢራው ተወዷል፣ እኔ ተበድያለሁ አለ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማስታወሻዬ፣ ይህን ያዝልኝ። ሳቅኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ካደረ አሳምሬ እዋሽሃለሁ።

ኪርክሃር የምትባል ትንሽ የስኮትላንድ የገበያ ከተማ አለች። አይቻት አላውቅም። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት ግን በእሷ ላይ ነው። ከዚያ የመጡ ሰዎች የልጅ ልጆች እዚህ ሜልቦርን ማኅበር አላቸው፣ በየዓመቱ የከተማዋን በዓል ያከብራሉ። እዚያ የከተማውን ድንበር በፈረስ ይዞሩታል። እዚህ ፈረስ የለም፤ ኖርዝ ሜልቦርን አጠገብ ያለ አንድ ሜዳ በብስክሌት ይዞራሉ። ከዚያ በእንጨት ተሠርቶ ግራጫ በተቀባ «የገበያ ድንጋይ» ሥር ቆመው ገበያውን ያውጃሉ።

በአዋጁ ውስጥ አንድ ጥሪ አለ። ከሩቅ መጥቶ የተጭበረበረ ነጋዴ፣ የመንገዱን አቧራ ከእግሩ ሳያራግፍ፣ እዚያው በዕለቱ ይዳኝ ነበር። የአቧራ እግሮች ችሎት ይሉታል። ጠሪው የተበደለ አለ ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። በሦስተኛው ዝም ያለ፣ አልተበደልኩም እንዳለ ይቆጠራል።

ማኅበሩ ይህን ረስቶት ነበር። ከድሮ መዛግብት ፈልጌ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። የዘንድሮውን ንግግርና አዋጅ ጻፊልን፣ አንቺው ታቀርቢዋለሽ፣ ከዚያም መጽሐፍ አድርገን እናሳትመዋለን አሉኝ። ጻፍኩ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ለሳምንታት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተለማመድኩ።

ዛሬ ጠዋት ሊቀመንበሩ አላስደር ወደ ጥግ ወሰደኝ። ለስላሳ ሽማግሌ ነው። አንባቢዋ የከተማዋ ዘር ብትሆን እንደ ወጉ ነው፣ የእህቴ ልጅ ፊዮና ብታነበው ቅር ይልሻል ወይ አለኝ። ችግር የለም አልኩ።

ችግር የለም! እኛ ዘንድ እኮ ይህ መልስ አይደለም፣ የንግግር መጀመሪያ ነው። እንግዳ ብላ ሲሉት ጠግቤያለሁ ይላል፤ ባለቤት ደግሞ ይለምናል፣ በሞቴ ይላል፣ ያኔ ይበላል። እንዲለምነኝ ጠበቅኩ። አላስደር አመስግኖኝ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ሄደ።

እማዬ ለእኔ ብላ ሱቋን ዘግታ፣ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ነው የመጣችው። እንግሊዝኛዋ ከገበያ አያልፍም። ጆሮዋ ግን የወጥ ቤቱን ንግግር ያውቀዋል። ፊዮና ማንበብ ስትጀምር ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

አይደለም አልኳት። የእሷ ነው፣ እኔ ትንሽ ረድቻታለሁ።

አሁን ከጎኔ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። 

እሑድ፣ ማርች 15። ከቸርች መልስ።

ባሰ።

እትዬ ዘነቡ፣ የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ፣ በር ላይ ያዙኝ። ቡድኑ ለንግግሬ ጸልዮ ኖሯል። እማዬ ናት ያስጸለየችው፤ አልነገረችኝም። እንዴት ነበር ልጄ አሉ። አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀደመችኝ። ግሩም ነበር፣ ነጮቹ ቆመው አጨበጨቡላት አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ዘነቡ ስኮቶቹን ታሪካቸውን አስተማረቻቸው፣ ከእንግዲህ የኛን ለኛ ታስተምረን ብለው አሳቁ። ቪዲዮውን ላኪልን አሉኝ። ስልኬ ሞልቶ አልቀዳሁም አልኩ።

እማዬ ዳንደኖንግ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ይሄ ካልሲ ሲታጠብ ያጥራል፣ ተይው ብላ ለገዢ የምትናገር ሴት ናት። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ አብረዋት ለሚጸልዩ ሴቶች ዋሸች። በእኔ የተነሳ። ምሳ በላን። «ጨው አንሶታል?» አለች። ደህና ነው አልኩ። ጨው አልነበረውም።

ማክሰኞ፣ ማርች 17። ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ።

ሺፍቴ ረጅም ነው። የደንበኞችን ስልክ እያነሳሁ፣ «በምን ልርዳዎት» ስል ድምፄ ያስጠላኛል። ያው የቅዳሜው «ችግር የለም» ነው።

ፊዮና ደወለች። ልታመሰግነኝ። ላነሳው አልፈለግኩም፣ አነሳሁ። አጎቷ፣ «ሊዲያ ዓይን አፋር ናት፣ ራሷ ናት አንብቢልኝ ያለችው» ብሏት ኖሯል። እኔ! ዩኒ ውስጥ ከፕሮፌሰሮች ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩት! ድምፅዋ ቅን ነው። ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ።

ስለ ጠሪው የሚያወራውን አንቀጽ ለምን ዘለልሽው አልኳት። አልዘለልኩም፣ አጎቴ ሰርዞት ነው የሰጠኝ፣ ለሰዓት ብሎ አለች።

ማስታወሻዬ፣ አንቀጹ ምን እንደሚል ታውቃለህ? በኪርክሃር ጠሪው የከተማው ተወላጅ አይሆንም ነበር። ሆን ብለው ከውጭ ያመጡ ነበር። ዘመድ ያለው ሰው፣ ዘመዱ ሚዛን ሲቀሽብ አይቶ እንዳላየ ያልፋላ! ወጉ ይህ ነው። አላስደር ቀድሞ አንብቦታል። ወደ እኔ መጥቶ «እንደ ወጉ» አለኝ፣ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ሰረዘው።

እስከ ዛሬ ስህተት ነው እያልኩ ነበር። ያንድ አገር ትሕትና በሌላ አገር ጠፍቶበት ነው እያልኩ። አይደለም። አውቆ ነው።

ፊዮና ልትዘጋ ስትል አመነታች። የመጽሐፉን ሽፋን አይተሽዋል ወይ አለችኝ። አላየሁም። የአጎቴ ስም ብቻ ነው ያለበት አለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያናደደኝ ምን መሰለህ። አሁንም ለአላስደር ኢሜይል ስጀምር እጄ «ይቅርታ ካስቸገርኩ» ብሎ ይጽፋል። አጠፋሁት። እንደገና ጻፈው። ሰዓቱ ደረሰ፣ ልግባ።

ሐሙስ፣ ማርች 19።

ኦፍ ነኝ። እማዬ ሱቅ ሄድኩ። ፒጃማ እያጣጠፈች ነበር። እኔም ማጠፍ ጀመርኩ፣ ዓይኗን ላለማየት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ንግግሩ የእኔ መሆኑን፣ ችግር የለም ማለቴን፣ የሽፋኑን ስም።

አውቃለሁ አለች። ሽንኩርት የከተፍኩበትን ንግግር አላውቀውም ብለሽ ነው?

ይሉኝታ ይዞኝ ነው አልኳት።

«ሰውየውን ማፈርሽ ይገባኛል። እኔን ምን ብለሽ ነው የዋሸሽኝ?»

ፒጃማውን አስቀምጬ መለስኩላት። ማስታወሻዬ፣ ለአንተም አልነገርኩህምና ልጻፈው። ተንቄ እንድታየኝ አልፈለግኩም። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፦ ሜዳው ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ሰዎቹ ዞር እያሉ ያዩን ነበር። ለአፍታ፣ ባልመጣች ብዬ ተመኘሁ። ያንቺ አይደለም ወይ ስትለኝ ድምፅዋን ዝቅ እንድታደርግ ነው የቸኮልኩት። ሱቅ ዘግታ የመጣችውን እናቴን።

ይህን ስነግራት አላለቀሰችም። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴትዮ መጥታ ለሁለት ዓመት የሚሆን አለ ወይ አለቻት። እማዬ አወጣችላት፣ ሸጠችላት፣ ሕፃኑን ጉንጩን ነካችው። ሴትዮዋ ስትሄድ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«እሑድ ስለ አንቺ ዋሽቻለሁ። ሁለተኛ አታስዋሺኝ።»

ከዚያ ሌላ ክምር ፒጃማ አቀበለችኝ። እስክንዘጋ ድረስ አጣጠፍን።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባላል። እኔን ግን እፍረቱ ራሱ እየመለሰኝ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 21። ከሰዓት በኋላ።

ጠዋት ማኅበሩ ወደሚከራየው አዳራሽ ሄድኩ። አላስደር ብቻውን ወንበር ይደረድራል። ሻይ አቀረበልኝ፣ ብስኩትም። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ተናደድኩና ሻዩን ሳልነካው አስቀምጬ፣ ሽፋኑ ላይ ስሜ ለምን እንደሌለ ጠየቅኩት።

አንቺ ራስሽ ችግር የለም ብለሻል አለኝ። ብያለሁ፣ ውሸቴን ነበር፣ እሱ የእኔ ጥፋት ነው አልኩት። የተሰረዘው አንቀጽ ግን ያንተ ነው። ፊቱ ቀላ። ሰዓት አጥሮ ነው አለ። አንቀጹን በቃሌ አልኩለት፤ ለማለቅ ደቂቃ አልፈጀም። ወደ ወንበሮቹ ዞረ።

ከዚያ ለመነኝ። አሁን ለመነኝ! የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትልቅ ምስጋና አስገባልሻለሁ፣ «ለኢትዮጵያዊት ወዳጃችን» ብለን። የከርሞው ንግግርም ያንቺ ይሁን፣ ስለ አገርሽ ገበያዎች ብትነግሪን እንዴት ያምራል አለ። ስለ አገሬ ገበያ ምንም አላጠናሁም። ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁት። የማውቀው ኪርክሃርን ነው። ይህን ስነግረው የምቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

«ጽሑፉ የእኔ ነው» አልኩት። «ስሜ ከሌለበት አይታተምም።»

 እንደ ጀግና አልወጣልኝም። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል አለ። አስወጣው አልኩ። አባላቱ ያዝናሉ፣ ያን ያህል ደክመንበት፣ እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አስቤዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ትራም ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አንድ ሹፌር ሳልሳፈር በሩን ዘጋ፣ አላየኝም።

ቤት ገብቼ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ጻፍኩ፣ ጥናቴን አያይዤ። አማካሪዬንም ጨመርኩ። «ይቅርታ ካስቸገርኩ» የለበትም። ያትሙት፣ አያትሙት፣ አላውቅም። ከዚያች ማኅበር ሊያስወጡኝ ይችላሉ። ያሳዝነኛል። ያን በዓል፣ ብስክሌቱን ሁሉ፣ እወደው ነበር።

ከዚያ ለእትዬ ዘነቡ ደወልኩ። እማዬ እየሰማች። እውነቱን ነገርኳቸው፣ እናቴ የዋሸችው እኔን ልትሸፍን ነው አልኳቸው።  እሳቸውም፣ ታዲያ ቆመው ያጨበጨቡት ለማን ነው አሉኝ።

ማንም አልቆመም እትዬ፣ ሁሉም ቢራ ይዘው ነበር አልኩ። ሳቁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ በራሷ አፍ። ይህን መስማት ከአላስደር ፊት ይልቅ ከበደኝ።

እፍረቱ አልለቀቀኝም፣ በአንድ ሳምንት የሚለቅ አይደለም። የማልቀበለውን ግን ላስቀምጥ። ከእንግዲህ ትሕትናዬን እንደ ፈቃድ የሚቆጥርልኝን ሰው አልቀበልም። በእናቴ ፊት ሥራዬን የእኔ አይደለም እንድል የሚያደርገኝን ማንኛውንም መድረክ አልቀበልም። በሊዲያ ደምሴ ፈንታ «ወዳጃችን» መባልን አልቀበልም።