ሁሉ ተዘግቶ የሚዞር ቆጣሪ

ማክሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 1975

ኦቦ ኢብሮ ዛሬም ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠብ፣ ዳገቱን ወጡ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ በከዘራ፣ እስከ መስጊዱ ድረስ። በመስኮት እያየኋቸው ፈተና ማረም አቃተኝ።

ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚህ አሰበ ተፈሪ ፊዚክስ ላስተምር ስመደብ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። "ኢንተላ" እያሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ መጋረጃዬን ሰፍተው የሰቀሉልኝ እሳቸው ናቸው።

ግቢያችን አራት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው በእትዬ ብርቄ ስም ነው። ድሮ ግቢው ሁሉ የእሳቸው ነበር፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ አንዱ ቀረላቸው፣ የቀረውን ቀበሌው ለኛ አከራየ። የውሃውን ሂሳብ ግን አሁንም እሳቸው ናቸው የሚያካፍሉን። ሰሞኑን ሂሳቡ አብጦ መጣ። እትዬ ብርቄ በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ ወደማንም ሳያዩ፣ "በቀን አምስት ጊዜ ከታጠቡበት ምን ያድርግ" አሉ። ኦቦ ኢብሮ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቧንቧው ሥር ቁጭ ብለው ነበር። ዘጉት። እጅጌያቸውን መለሱና ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለውዱእ አልቀረቡትም።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ቧንቧው ሲዘጋም ያንጠባጥባል። እንዴት እስከዛሬ ልብ አላልኩትም? ጥፋተኛው ተገኘ ብዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ገባሁበት። ውሃውን ከቆጣሪው ላይ የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። ቧንቧውን ስፈታው ፊቴ ላይ ፈነዳ። እትዬ ብርቄ ከበረንዳ ሆነው "ቲቸር፣ ጥምቀት እኮ አልፏል" አሉኝ።

ከድሮ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ክብ ቆርጬ አስገባሁ። ጠብታው ቆመ። ዲግሪ ስቀበል እንኳ እንዲህ አልኮራሁም።

ሲመሽ ቆጣሪውን አየሁት። ትንሿ ቀስት አሁንም ትዞራለች። አንዱ እየቀዳ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ጠዋት ኦቦ ኢብሮን መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ነበር።

"ቧንቧውን ጠግኜዋለሁ፤ ይመለሱ እንጂ" አልኳቸው።

"ማሻላህ፣ አንቺ እጅ አለሽ። እኔ ግን ሐኪም ሂድ ብሏል፤ ዳገት ለጉልበት ጥሩ ነው።"

"የትኛው ሐኪም?"

ሳቁ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "በኛ ዲን፣ ኢንተላ፣ ወንዝ ዳር ሆነሽ እንኳ ውሃ አይባከንም። እኔ በአንድ ጣሳ ነው የምታጠበው። ሰው ሲቆጥርብሽ ግን ጣሳውም ይከብዳል።"

ክፍል ገብቼ ስለ ግፊት ሳስተምር ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ቀስቷ ለምን ትዞራለች?

ዓርብ፣ ጥር 20

ደግነቱ ውሃ አልጠፋም። በጁምዓ ሰዓት ኦቦ ኢብሮ መስጊድ ናቸው። አራተኛዋ ጎረቤታችን፣ ነርሷ አልማዝ፣ ሥራ ላይ ናት። የቀረነው እኔና እትዬ ብርቄ ነን። እንስራቸውን አስቀድመው እንዲሞሉ ለመንኳቸው፤ ከዚያ ማንም ቧንቧ አይንካ አልኩ።

ቀስቷ ትዞራለች። ቀስ ብላ፣ ሳታፍር።

እትዬ ብርቄን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"ነፋስ ይሆናል።"

"በመስታወቱ ውስጥ ምን ነፋስ ይገባል?"

በመስታወቱ ላይ ቀስቷን በጣታቸው ተከተሏት። "እና ማነው የሚጠጣው?" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ነው የሚመስለው። ወደ ኦቦ ኢብሮ በር ዞር ብለው አዩ። በሩ ተቆልፏል።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

ቆጣሪው ካለበት ከግቢው በር እስከ ቧንቧው መሬቱን በዶማ ጫርኩት፤ ደረቅ ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ ከአየር ይልቅ እንደሚሮጥ ትዝ አለኝና አንድ ብረት ቧንቧው ላይ ተክዬ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አልማዝ "ልብ ምቱ እንዴት ነው ዶክተር?" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ ውስጥ ውስጡን ውሃ ይሄዳል።

"እትዬ ብርቄ፣ ቧንቧው ከዚህ አልፎ ይሄዳል እንዴ?"

"አይሄድም።" ወደ ጓሯቸው ዞር ብለው ግን፣ "ኧረ ይሄድ ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ እጄን ቁር እንዳይመታኝ ብሎ እስከ ወጥ ቤቴ አስገብቶልኝ ነበር። ዘንግቼው።"

ወጥ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ ማገዶ ተከምሯል። ሁለታችን አነሳነው። ከሥሩ መሬቱ ገንፎ ሆኗል። እትዬ ብርቄ አንድ ፍልጥ እንዳቀፉ ቀሩ።

"ከኔው ጓሮ" አሉ።

ከሰዓት የትምህርት ቤታችን የጥገና ሠራተኛ መጣልን። ወጥ ቤቱ ሲፈርስ የተደፈነው የቧንቧ ጫፍ በዝገት ተበልቶ ኖሯል። ያንን ቅጥያ ከሥሩ ቆርጦ ደፈነው። ቀስቷ ቆመች። ቆማ የምታምር ነገር አይቼ አላውቅም።

እሁድ፣ ጥር 22

እትዬ ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ይመላለሳሉ። "አንቺ ንገሪያቸው፤ አንቺን ይወዱሻል።"

"የተናገሩት እርስዎ ነዎት እኮ" አልኩ። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። አልተቆጡም። ሄደው በራቸውን አንኳኩ።

"ኦቦ ኢብሮ፣ ውሃውን የሚያፈሰው የኔ ጓሮ ነው። እርስዎ አይደሉም።"

"ይሁን፣ ቧንቧ ያረጃል።"

"ቧንቧውስ ይሁን። ያልኩትን ነው እንጂ።"

ኦቦ ኢብሮ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እኔም አኩርፌ ነበር፣ እትዬ ብርቄ። ሐኪም አዞኝ ነው እላለሁ እንጂ።"

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። እኔ ልብስ የማሰጣ መስዬ ገመዱ ሥር ቆሜያለሁ።

ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲል ኦቦ ኢብሮ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ወደ ግቢው በር ይሁን ወደ ቧንቧው መለየት አቃተኝ። መሃል ላይ ቆሙ። ደግሞ ሄዱ፤ ወደ በሩ። ዛሬ ልማድ ወስዷቸው ይሆናል፤ ነገስ?

አሁን ራት ላይ ሳለሁ እትዬ ብርቄ አንገታቸውን በበሬ አስገቡ። "ቲቸር፣ ባልዲሽን ከቧንቧው ሥር አንሺ። አልማዝንም ንገሪያት። ጎህ ሲቀድ ኦቦ ኢብሮ ከመጡ መቀመጫ ያጣሉ።"

ወጥቼ አነሳሁት። የእትዬ ብርቄ ባልዲ ቀድሞ ተነስቷል።