የማባዛት አቡጊዳ

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ልጄን መክሊትን «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ስላት ኮርኒሱን አየች። ኮርኒሱ ላይ ምን እንዳለ እንጃ። እኔ ዝናብ ካበላሸው ሌላ ምንም አላየሁበትም።

ዛሬ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ሰጡኝ፣ የመክሊትን የሐኪም ወረቀትም አገላብጠው አዩ። ባጃጅ ገጭቷት እግሯ ከተሰበረ ወዲህ አራተኛ ክፍልን እቤት እኔው እንዳስተማርኳት ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆናም፣ አልጋ ላይ ተኝታም አንድ መጽሐፍ አልዘለልንም አልኩ። «ጎበዝ ናችሁ። እንግዲህ የዛሬ ሳምንት ሰኞ ትፈተን» አሉኝ። «አማርኛውና እንግሊዝኛው አያሳስብም። የሒሳቡ መምህር ግን ማባዛትን በቃል ነው የሚጠይቃት። እሱን ካለፈች አምስተኛ ትገባለች፣ ካልሆነ አራተኛን ትድገም።»

አራተኛ ማለት እኮ የቤቲ ክፍል ነው። ቤቲ ታናሿ! ዘንድሮ ሦስተኛን ጨርሳለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያለው አራተኛ ክፍል አንድ ብቻ ነው።

ይህን ስነግራት መክሊት ክራንቿን አንስታ ወደ ደጅ ወጣች። ተከትያት አልወጣሁም።

አንድ ሳምንት ብቻ። ያውም የሰፈሬ የሸጎሌ ሴት ሁሉ ለዓመት በዓል ሹሩባ ልትሠራ እኔ ቤት የምትሰለፍበት ሳምንት! ምን አባቴ ይሻለኛል?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

የምታውቀው፦ የሁለት፣ የአምስት፣ የአሥር።
የማታውቀው፦ የቀረው በሙሉ።

እኔ ራስ እሠራለሁ፣ እሷ አጠገቤ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ትላለች። ሌላ ምን ጊዜ አለኝ? ከሰዓት በኋላ ደንበኞቼም አብረው ማለት ጀመሩ። አንዷማ የአራትን ስትል ራሷን እየነቀነቀች ጉንጉኑን ሁሉ አጣመመችብኝ። «አንቺ፣ ተማሪዋ እኮ እሷ ናት!» አልኳት። መክሊት ፈገግ አለች፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

አባታቸው ደወለ። አይሱዙውን ይዞ ጅማ ነው። «ብትደግም ምን አለበት? ልጅቷን አታስጨንቂያት» አይለኝም! ደሜ ፈላ። ስልኩን ዘጋሁበት። ምን አለበት ይላል እንዴ? ጓደኞቿ ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ ዓመቱን ሙሉ በመስኮት ስታያቸው እሱ አላያትም። እኔ ነኝ ያየኋት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

አለችው! ከሁለት ጀምራ እስከ ዘጠኝ፣ አንድም ሳትስት፣ ዜማ አውጥታለት። እልል ስል ጎረቤቴ ደንግጣ መጣች። «ምን ተገኘ?» «ልጄ ማባዛት ቻለች!» አልኳት። እሷም ለወጉ እልል አለችልኝ።

ዛሬ ደህና እተኛለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

እልልታዬን ይመልሱልኝ።

ፋሲካ መጥታ ነበር፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምና የምትማረው ደንበኛዬ። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ «እስቲ መክሊትዬ፣ ስድስት ጊዜ ዘጠኝ?» አለቻት፣ ለጨዋታ ያህል። መክሊት ኮርኒሱን አየች። ከንፈሯን ሳየው ግን ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን ሰጠሁ። ስድስት ጊዜ አንድ ስድስት፣ ስድስት ጊዜ ሁለት አሥራ ሁለት... ከሥር ተነስታ እየወጣች ነው! ፋሲካ ልታግዛት ብላ «ሃምሳ...» ስትል የልጅቷ ዜማ ተቋረጠና እንደገና ከአንድ ጀመረች። ይኼኔ ቤቲ ከበሩ ላይ «ሃምሳ አራት!» ብላ ጮኸች። መክሊት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባት።

ለካ ልጅቷ የያዘችው ዜማውን ነው። መሀል ላይ ከጠየቋት ባዶ ናት። መምህሩ ደግሞ ዘፍኝልኝ አይላት፣ በዘፈቀደ ነው የሚጠይቃት።

ጮህኩባት። «ምን ስትሠሪ ነው የከረምሽው?» አልኩ፣ በሰው ፊት። ከማን ጋር ከረመች? ከእኔ ጋር አይደል! ፋሲካ በመስታወቱ አየችኝና ዓይኗን መለሰች። የቀረውን ራሷን አጥብቄ ጎነጎንኩት።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30

መክሊት አኩርፋኛለች። ቁርሷን ሳትነካው ነው ያነሳሁት። ማባዛት ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሥራውም በዛብኝ፣ ጣቶቼ ተቃጥለዋል።

ወደ ማታ ጓዳ ዕቃ ሳጥብ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ክፍል ውስጥ እህቴ ናት እንዳትዪ» አለች መክሊት።
«ምን ልበል ታዲያ?»
«ጎረቤታችን ናት በያቸው።»
ቤቲ «እሺ» አለች።

ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጄ ተሸንፋለች፤ አሁን የምታስበው እንዴት እንደምትደበቅ ነው። ገብቼ ምን እንደምላት ስላላወቅኩ ውሃውን ከፍቼ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ጳጉሜን ስለገባ ለእግሯ ጠበል ላመጣላት በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዋርካው ሥር የኔታ ሕፃናት ያስተምራሉ። አንዲት ጭብጥ የምታክል ልጅ ሀ ሁ ሂን እያዜመች፣ ዓይኗ ግን ፊደሉ ላይ የለም፤ እርግብ ታያለች። የኔታ እስክትጨርስ ዝም አሏት። ከዚያ ገበታውን ገልብጠው የፊደል መጠቆሚያ ስንደዷቸውን አቡጊዳው መሀል አንድ ፊደል ላይ አሳረፉ። «ይቺስ?» ልጅቷ እንደገና ከሀ ጀመረች።

ኧረ በስማም! ይቺ የኔ መክሊት ናት።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል። ሀ ሁን በዜማ የያዘ ልጅ መልኩን ይወቅ አይወቅ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ሲናወጥ ነው። ፊደሉን አዘበራርቆ የሚያስቆጥረው አቡጊዳ ለዚህ አይደል እንዴ? ጠበሉን ይዤ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ገና ከበር «የማባዛት አቡጊዳ እንሠራለን!» አልኩ። መክሊት ኩርፊያዋን ረስታ አየችኝ። እሷም ትምህርት ቤት ሳትገባ የኔታ ዘንድ ውላለች። ትንሽ አሰበችና «አቡጊዳም እኮ ሲቆይ በዜማ ይያዛል» አለች። እውነቷን ነው። «ታዲያ?» «በየጊዜው እንበጥብጠው።»

የሚቀጠለው ፀጉር፣ የሂውማን ሄሩ የመጣበትን ካርቶን ቆራርጠን በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ አንድ ማባዛት ጻፍን። ፀጉር የምጠቀልልበትን ቢጎዲን ከሳፋው ገልብጬ እዚያ ውስጥ ከተትነው። እየጻፈች ድንገት ቆመች። «እማ፣ ስድስት ጊዜ ስምንትና ስምንት ጊዜ ስድስት አንድ ናቸው። ለምን ሁለቴ እማራለሁ?» አንዱን ቀድዳ ጣለችው። ከዚያ ሌላውን፣ ሌላውን። ክምሩ ሲያንስ የተወጠረው ትከሻዋ ላላ።

አንድ ሕግ ብቻ አወጣን፦ ከንፈር አይንቀሳቀስም። ካላወቅሽ «አላውቅም» በይና እናልፋለን። አለመጮህ ደግሞ የእኔ ሕግ ነው። ምላሴን ነክሼ ዋልኩ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ደህና የገቡ፦ የሦስት፣ የአራት፣ አብዛኛው የዘጠኝ።
አሁንም የሚያስቸግሩ፦ ስድስት ጊዜ ሰባት፣ ስድስት ጊዜ ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ ሰባት።

ቤቲ እኔም ካልተጠየቅኩ አለች። መክሊት ከሳፋው አወጣችና «ሰባት ጊዜ ስድስት?» አለቻት። ቤቲ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። «አንቺም ትዘምሪያለሽ!» ብላ መክሊት በሳቅ ወደቀች። እኔም ራሴን መያዝ አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሊቅ በር ላይ ቆማ የምትመልሰው ልጅ! ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሳፋውን ከበው እስኪመሽ አልተነሱም።

ያም ሆኖ ፈርቻለሁ። እቤት የሚመጣላት ሰው ፊት ይጠፋባታል። አባታቸው ደውሎ «አይዟችሁ» አለ። ዛሬስ አልዘጋሁበትም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሸሚዛቸውን አውልቀው ሲጨፍሩበት እኛ በአንድ ጃንጥላ ታክሲ ፍለጋ።

ወላጅ አይገባም አሉ። በሩ ላይ ቆምኩ። ቤቲ እጄን ይዛ «ስንት ደረሰች? ስንት ደረሰች?» ትለኛለች፣ እኔ በግንቡ ውስጥ የማይ ይመስል። «ዝም በይ!» አልኳት፣ ወዲያው ደግሞ አዘንኩላት። ዘበኛው አሳዝነነው መሰለኝ ከቆርቆሮው ሥር አስጠጋን።

ወጣች። ፊቷ ምንም አይናገርም። «እ?»

«ዘጠኝ ጊዜ ሰባትን ስልሳ አራት አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«አይ፣ ስልሳ ሦስት አልኩ። ቲቸሩ ማን ነገረሽ አለኝ። ማንም አልኩት።»

ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ መጡ። ሁለት ስታለች፣ ግን አምስተኛ ትግባ፣ ሒሳቧን እስከ መንፈቀ ዓመቱ እየተከታተልን እናየዋለን አሉ። የሰማሁት «ትግባ» የሚለውን ብቻ ነው። እዚያው ጭቃው ላይ እልል አልኩ። ምን ላድርግ፣ አላስችል አለኝ።

ቤቲ ትጨፍራለች ብዬ ነበር። ፊቷ ጥቁር አለ።

«አምስተኛ ክፍል ፎቅ ላይ አይደል?» አለችኝ።

ነው አልኳት።

«ቦርሳዋን ማን ሊይዝላት ነው ታዲያ? እኔ ልይዝላት ነበር እኮ!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እኔ ሞኟ እህቷን ስለበለጠች ደስ ብሏት የሰነበተች መስሎኝ! አብረው ሊቀመጡ፣ በረፍት ሰዓት ልትደግፋት፣ ሁሉንም አስባ ጨርሳለች።

መክሊት ክራንቿን አስተካክላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «እስከ ደረጃው ያዢልኝ» አለቻት።

ቤቲ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ቦርሳውን ተቀበለቻት። ከደረጃው በላይ ያለውን እኔም እንጃ።